ዕውቀቱን ስንቅ አድርጎ ዓለምን የዞረው ኢብኑ በጡጣ

ድሬዳዋ መንገድ የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር የሐረርን ዳገት መውጣት እጅግ አዳጋችና ወጪው ከባድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐዲዱ በ1902 ከተራራው ግርጌ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማይቱም ባቡሩ በቆመበት ተቆረቆረች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች፣ ሂጅራ ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት የሐረር ነጋዴ ቡናውንና ቆዳውን በግመል ጭኖ በረሃውን አቋርጦ ወደ ዘይላ ወደብ ነበር የሚወርደው።

እንዲህ ባለች ከተማ ያደገ ወጣት ዓለምን ለማየት ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። ሰው ሲመጣና ሰው ሲሄድ እያየ ነው ያደገው። ዛሬም በመጋላ ሆነ በከዚራ፣ ከመስጊድ ደጅ ሆነ ከሻይ ቤት፣ ሁለት ወጣቶች ሲገናኙ ወሬያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እገሌ ገባ፣ እገሌ ተያዘ፣ እገሌ ከባሕር ቀረ። ከወሬው ሥር ያለው ጥያቄም አንድ ነው። እንጀራን እያገኙ ዓለምን ማየት የሚቻለው በምን መንገድ ነው?

ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት ወደ ሻም ለንግድ ተጉዘዋል። የሚያሳዝነው ጥያቄው የሚቀርበው ለደላላ መሆኑ ነው። ደላላው ደግሞ ምን ሙያ እንዳለህ አይጠይቅህም፤ የሚጠይቅህ ስንት ብር እንዳለህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የወረዱት።

ለዚህ ጥያቄ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በእግሩና በሕይወቱ መልስ የሰጠ አንድ ሙስሊም አለ። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ እንዴት እየበላና በምን እየሠራ እንደዞረ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ይህ ሰው ኢብኑ በጡጣ ነው።

አቡ ዐብደላህ ሙሐመድ ኢብኑ በጡጣ በ1304 (በ703 ዓመተ ሂጅራ) በሞሮኮ፣ በታንጃ ከተማ ተወለደ። ትውልዱ ከበርበር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከለዋታ ጎሣ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ቃዲዎችን ያፈራ ቤተሰብ ነበር። እሱም እንደ ወገኖቹ የማሊኪን መዝሀብ ፊቅህ ተማረ። በ1325፣ በረጀብ ወር፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሐጅ ለማድረግ ብቻውን ከቤቱ ወጣ። አባትና እናቱ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ መለየቱም እሱንም እነሱንም ክፉኛ አሳዘናቸው።

ጉዞው ገና ከጅምሩ የሚያምር አልነበረም። ቢጃያ ላይ ትኩሳት ያዘው፤ የሚጋልበውን እንስሳና ከባዱን ጓዙን እስከመሸጥ ደረሰ። ቱኒስ ሲገባ የከተማው ሰው ሊቀበል ወጥቶ እርስ በርሱ ሰላም ሲባባል፣ እሱን የሚያውቀው አንድም ሰው ስላልነበረ አለቀሰ። ከመንገደኞቹ አንዱ ሁኔታውን አይቶ ቀርቦ አጽናናው። ስደትን የቀመሰ ሁሉ ይህችን ሰዓት ያውቃታል።

ነገር ግን ይኸው ያለቀሰ ወጣት ከቱኒስ የወጣው የሐጃጆች ቅፍለት ቃዲ ሆኖ ነው። ቅፍለቱ በመንገድ ላይ የሚነሣውን ጠብ የሚዳኝ፣ ሸሪዓን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበርና እሱን መረጠ። የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ወደኋላም የምናየው ሁሉ ከዚህ የተለየ አይደለም። ኢብኑ በጡጣ ከታንጃ ሲወጣ ባለጸጋ አልነበረም፤ ያለው ነገር በሄደበት አገር ሁሉ የሚፈለግ ዕውቀት ነበር።

አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ቡርሃነዲን የተባሉ አንድ ሷሊህ ሰው ልቡ ወደ ሩቅ አገር እንደተሳበ አይተው፣ በሂንድ፣ በሲንድና በቻይና ላሉ ሦስት ወንድሞቻቸው ሰላምታ እንዲያደርስላቸው ነገሩት። እሱ ግን እስከዚያች ዕለት ድረስ ወደነዚያ አገሮች የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም። በኋላ ሦስቱንም አግኝቶ ሰላምታውን አድርሷል።

በ1326 ረመዳን ደማስቆ ገባ። እዚያም በታላቁ የኡመያ መስጊድ ሶሒሕ አል ቡኻሪ ሲነበብ ተቀምጦ አዳመጠ፤ ከበርካታ መምህራንም ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ ተቀበለ። ከነዚህ መምህራን መካከል ዘይነብ ቢንት አሕመድን የመሰሉ ሴት ዓሊሞች እንደነበሩ መጥቀስ ይገባል። ይህንን ጉዳይ በችኮላ ማለፍ አይገባንም። በዚያ ዘመን ፓስፖርትም ሆነ ቪዛ የለም፤ ሆኖም እገሌ ከእገሌ ዘንድ ተምሯል የሚል ምስክርነት ከደማስቆ እስከ ደልሂ ድረስ በር ይከፍታል። ዛሬ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት የምንለው ነገር ያን ጊዜ ኢጃዛ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐጅ አደረገ። ከሐጅ በኋላ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ወደ ዒራቅና ፋርስ ወረደ፣ ተመልሶም መካ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በየመን በኩል ዓደን ደረሰ። ከዓደን መርከብ ተሳፍሮም በአራት ቀን ወደ እኛው ሰፈር መጣ።

በ1330 ገደማ ዘይላ ደረሰ። ዘይላ ትልቅ ከተማና ትልቅ ገበያ ያላት መሆኗን፣ ነዋሪዋም በአብዛኛው ራፊዳ (ሺዓ) መሆኑን መዝግቦልናል። ይሁንና ከተማዋ በዓሣና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ሽታ የተነሣ እንዳስመረረችው አልደበቀም፤ ባሕሩ የሚናወጥ ቢሆንም እንኳ በከተማይቱ ከማደር መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ዛሬ ከፊራ ገበያ የሚውል ነጋዴ ይህን ቢሰማ ፈገግ ይላል። ሽታው ግን ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ይህን ያህል ግመል የሚታረድባት ከተማ ብዙ ሰው የሚመገብባትና ብዙ ንግድ ያለባት ናት። የሐረር ደጋና የዓለም ባሕር የተገናኙት በዚህች ወደብ ነበር።

ከዘይላ በ15 ቀን ጉዞ ሞቃዲሾ ገባ። በሞቃዲሾ የነበረው ልማድ ለጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ ይዟል። መርከብ ሲመጣ የከተማው ወጣቶች በትናንሽ ጀልባዎች እየቀዘፉ፣ የተሸፈነ ምግብ ይዘው ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱም ለአንድ ነጋዴ ምግቡን ሰጥቶ እንግዳዬ ነህ ይለዋል። ነጋዴውም በዚያ ሰው ቤት ያርፋል፤ ዕቃውን የሚሸጥለትም የሚገዛለትም አስተናጋጁ ነው። አንዱ ወጣት ወደ ኢብኑ በጡጣ ሲቀርብ፣ ጓደኞቹ ይህ ሰው ነጋዴ ሳይሆን ፈቂህ መሆኑን ነገሩት። ወዲያው ወሬው ለቃዲው ደረሰ፤ ቃዲው ከተማሪዎቻቸው ጋር እስከ ባሕሩ ዳርቻ መጥተው ተቀበሉት፣ በሱልጣኑም ዘንድ በክብር ተስተናገደ። እዚያች ወደብ ላይ የሚወርድ ሰው የሚጠየቀው ሙያውን ነበር፤ ነጋዴው የነጋዴ፣ ዓሊሙም የዓሊም አቀባበል ይደረግለታል።

ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ኪልዋ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ ጉዞውን ወደ ሰሜን አዙሮ አናቶሊያ፣ የዛሬዋ ቱርክ ገባ። በአንጧልያ ከተማ አንድ አሮጌ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ እራት ጋበዘው። ኢብኑ በጡጣ የሰውየውን ድህነት አይቶ ሊያስቸግረው አልፈለገም ነበር። ኋላ ግን ሰውየው ጫማ ሰፊ መሆኑንና የአኺዎች፣ ማለትም የወንድማማቾች ማኅበር መሪ መሆኑን ሰማ። ማኅበሩ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው 200 ያህል ሰዎች ነበሩት። ቀን ይሠራሉ፤ ማታ ያገኙትን አምጥተው በጋራ ቤታቸው መንገደኛ ያበሉበታል። ዓለም ዞሮ ጽፎ ስሙ የቀረው ኢብኑ በጡጣ ነው፤ ያን ማታ እራቱን ያበላው ግን በእጁ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ነበር።

በ1333 የኢንደስን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሂንድ ገባ። የደልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ከውጭ የሚመጡ ዓሊሞችን በከፍተኛ ደመወዝ የሚቀጥሩ መሆናቸው በሙስሊሙ ዓለም ተሰምቶ ነበር። ኢብኑ በጡጣም ሥራ ፍለጋ ሄደ ማለት ይቻላል። ቃዲ ሆኖ በዓመት 12,000 ዲናር ተቆረጠለት። የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፋርስኛ ስለሆነና የአገሩም መዝሀብ ሐነፊ ስለነበረ፣ ረዳቶች ተመደቡለት።

እዚህ ላይ የሕይወቱን ሌላ ገጽ ማየት ግድ ይላል፤ የታሪክን ሰው ጥሩውን ብቻ እየመረጡ መተረክ አንባቢን መሸንገል ነውና። ወደ ሱልጣኑ የሚቀርብ እንግዳ ስጦታ ይዞ መቅረብ ነበረበት፤ ሱልጣኑም ብዙ እጥፍ አድርገው ይመልሳሉ። ስለዚህ ነጋዴዎች ለአዲስ ገቢው እያበደሩ፣ ኋላ ከትርፉ ይካፈላሉ። ኢብኑ በጡጣም በዚህ መንገድ ገባ። ደመወዙ ከፍተኛ ቢሆንም ኑሮውን ከደመወዙ በላይ ስላደረገ ዕዳው 55,000 ዲናር ደረሰ፤ አበዳሪዎቹም በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ያዙት። ዕዳውን የከፈሉለት ሱልጣኑ ራሳቸው ናቸው።

በሰው እጅ ያደረ ሕይወት ግን ዋጋው ውድ ነው። ሱልጣኑ የተቆጡባቸውን አንድ ሼኽ ጎብኝቷል ተብሎ ተጠረጠረ፤ ሼኹ ተገደሉ፣ እሱም ዘብ ቆመበት። ለቀናት እየጾመና ቁርኣን እየቀራ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። አላህ አወጣው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ለድሆች ሰጥቶ ከዓለም ተገለለ።

ጥቂት ቆይቶ ግን ሱልጣኑ ጠርተው ወደ ቻይና ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው ሾሙት። በ1342 ካሊከት ወደብ ላይ ስጦታው ሁሉ በመርከብ ተጭኖ ሳለ፣ እሱ ጁምዓን ሊሰግድ ከየብስ ቀረ። ማዕበል ተነሥቶ የሱልጣኑን ስጦታ የያዘው መርከብ ተሰበረ፣ ሰዎቹም አለቁ፤ የእሱን ጓዝ የያዘው ሌላው መርከብ ደግሞ ትቶት ሄደ። በእጁ የቀረው 10 ዲናርና የሚተኛበት ምንጣፍ ነበር።

አሥር ዲናር ይዞ የባዕድ ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ምን ያደርጋል? ኢብኑ በጡጣ ወደ ማልዲቭ ደሴቶች ተሻገረ። በዚያም ቃዲ የሚሆን የተማረ ሰው ይፈለግ ነበርና በድጋሚ ቃዲ ሆነ። ገንዘቡ ሰጠመ፣ ፊቅሁ ግን አልሰጠመም። ከማልዲቭ በሲላን፣ በቤንጋልና በሱማትራ አድርጎ ቻይና ደረሰ። በቻይናም የሰብታ ሰው የሆነ፣ የአገሩ ልጅ የሆነ አንድ ፈቂህ ባለጸጋ ሆኖ አገኘ። ከዓመታት በኋላ የዚህን ሰው ወንድም በሰሐራ በረሃ አፋፍ፣ በሲጂልማሳ ሲያገኘው በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ያለውን ርቀት አስቦ ተደነቀ።

የእኛን አገር ሰዎችስ በዚያ ባሕር ላይ አላገኘም ወይ? አግኝቷል። በሂንድ ጠረፍ በተሳፈረበት መርከብ ላይ 50 ቀስተኞችና 50 ሐበሻ ተዋጊዎች ነበሩ። ሐበሾቹ የዚያ ባሕር ዋስትና እንደሆኑ፣ አንድ እንኳ ካለበት የባሕር ወንበዴ መርከቡን እንደሚሸሽ ተርኳል። በአላፑር ከተማም በድር የተባለ ጀግና ሐበሻ አስተዳዳሪ እንደነበረ ጽፏል። በማላባር ጠረፍ ደግሞ ሰዒድ የተባሉ የሞቃዲሾ ፈቂህ አገኘ፤ እኚህ ሰው በመካና በመዲና ለብዙ ዓመታት ተምረው ሂንድንና ቻይናን የዞሩ ነበሩ።

ይሁንና ከሐበሻ ምድር ወደ ሂንድ ከተሻገሩት ብዙዎቹ በውዴታቸው እንዳልሄዱ መርሳት የለብንም። የተሸጡ ነበሩ። ኢብኑ በጡጣ ራሱም የዘመኑ ሰው ነበርና ባሪያ ይገዛና ያስከትል ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተወለደው መሊክ ዓምበርም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሂንድ ደረሰ፤ በ1626 ሲሞት የአሕመድነገር መንግሥት ዋና አስተዳዳሪና የጦር መሪ ነበር። ጽናቱ የሚያኮራ ነው፤ አካሄዱ ግን ለማንም የሚመኙለት አይደለም። ዛሬ በደላላ እጅ ገብቶ በየመን በረሃ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠየቅበት ወጣት ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን እንደያዘ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል።

የኢብኑ በጡጣ መመለስ የታሪኩ ከባዱ ክፍል ነው። በ1348 ደማስቆ ሲገባ ከተማዋን ከለቀቀ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ሚስት ትቶ ነበር የሄደው። ሂንድ ሳለ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰምቶ ለልጁ አያት 40 የወርቅ ዲናር ልኳል። አሁን ልጁን ሲጠይቅ ከ12 ዓመት በፊት መሞቱን ነገሩት። በዚያው ዕለት ከታንጃ ስለመጡ አንድ ዓሊም ሰምቶ ሄዶ ስለ ወላጆቹ ጠየቃቸው። አባቱ ከ15 ዓመት በፊት አርፈዋል፤ እናቱ ግን በሕይወት አሉ ተባለ።

ዘመኑ ታላቁ ወረርሽኝ ከሶሪያ እስከ ሞሮኮ ሰውን የሚያጭድበት ነበር። ኢብኑ በጡጣ ግን ወዲያው ወደ እናቱ አልሄደም፤ በመካ በኩል ዞሮ፣ በ1349 መጨረሻ ሞሮኮ ገባ። ታዛ ከተማ ሲደርስ እናቱ በወረርሽኙ መሞታቸውን ሰማ። ሃያ አራት ዓመት የጠበቁት እናት ጥቂት ወራት ቀድመውት ሄዱ። ታንጃ ሄዶ መቃብራቸውን ዘየረ። አርባ ዲናር መላክ ይቻላል፤ ያለፈን ዕድሜ ግን መልሶ መላክ አይቻልም።

ከዚህ በኋላም አላረፈም፤ አንደሉስን ጎበኘ፣ በ1352 ሰሐራን አቋርጦ ወደ ማሊ መንግሥት ወረደ። በ1354 ፌዝ ሲመለስ የሞሮኮው ሱልጣን ያየውን ሁሉ እንዲናገርና ኢብኑ ጁዘይ የተባሉ ጸሐፊ እንዲጽፉት አዘዙ። መጽሐፉ በ1355 ተጠናቀቀ፤ በአጭሩ ሪሕላ ተብሎ ይታወቃል። የተጓዘው መንገድ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። አንዳንዶቹን ቦታዎች በእርግጥ ስለመርገጡ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ ለአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍና ለማሊ ታሪክ ተወዳዳሪ የሌለው ምስክር ነው። ኢብኑ በጡጣ የመጨረሻ ዘመኑን በአገሩ በሞሮኮ ቃዲ ሆኖ እንዳሳለፈ ይነገራል። ዓለምን በዞረበት ሙያ ዕድሜውን ፈጸመ።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሕይወት ለድሬዳዋ ወጣት የሚሆን ምን እንወስዳለን? ዓለምን እያዩ እንጀራን የማግኘት መንገዱ ከመሄድ በፊት የሚጀመር መሆኑን ነው። ኢብኑ በጡጣ በመጀመሪያ ተማረ፣ ኋላ ወጣ። በየመንገዱም እየተማረ ኢጃዛውን ጨመረ። የዘመናችን ቅፍለትም ባለሙያ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ብረት የሚበይድ፣ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም፣ ሒሳብ የሚይዝ። እህቶቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። በ2016 የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በብዙ ቤት የእናት ወርቅ ተሽጦ ወይም ከብት ተሽጦ የሚገኝ ነው። በዚያ ገንዘብ ሙያና ቋንቋ መማር ይቻል ነበር።

ሌላው ዕዳ ነው። የዓመት 12,000 ዲናር ደመወዝተኛን በአበዳሪ እጅ ያስያዘ ዕዳ፣ ሥራ ያላገኘን ስደተኛ ምን እንደሚያደርገው ለመገመት አያስቸግርም። ወላጆችም ልጃቸውን በብድር ሸኝተው በወሩ ሐዋላ የሚጠብቁ ከሆነ ልጁን አስይዘው መበደራቸውን ይወቁ።

ከሁሉም በላይ ግን የእናት ጉዳይ አለ። ያን ጊዜ ከቻይና ታንጃ ወሬ ለመስማት ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ለኢብኑ በጡጣ ምክንያት ሊሆነው ይችላል። ዛሬ ስልክ በእጁ ይዞ ለወራት ድምፁን ለማያሰማ ልጅ ግን ምክንያት አይሆነውም። ወጣቶች ሆይ፣ አላህ ምድርን ሰፊ አድርጎ ፈጥሯታልና እዩዋት። ነገር ግን ስትወጡ ሙያችሁን ይዛችሁ፣ በሚታወቅ መንገድ፣ የወላጆቻችሁን ዱዓ ተቀብላችሁ ውጡ፤ እናታችሁንም ከመቃብራቸው በፊት ዘይሯቸው።

አላህ ኢብኑ በጡጣን ይማረው፤ በየባሕሩና በየበረሃው ያሉ ልጆቻችንንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃቸው። አሚን።